ድንጋዬን ያስመለሰልኝ ቱቦ

ከማሽላ ማማ ላይ የወደቅኩ ሰው ነኝ። ወፍ ላባርር ወጥቼ፣ ወንጭፌን በኃይል ሳሽከረክር ድንጋዩ ቀርቶ እኔ ተወነጨፍኩ። ወፎቹ ማሽላዬን እስኪጠግቡ በሉ፤ እኔ አከርካሪዬን ሰብሬ ከወገቤ በታች ያለውን አካሌን ተሰናበትኩት።

እግሬን ማጣቱን ለመድኩት። አልለመድ ያለኝ ሽንቴ ነው፤ መምጣቱን ሳይነግረኝ ይመጣል። መጀመሪያ ሐኪሞች ውስጤ የሚቆይ ቱቦ ከነከረጢቱ አደረጉልኝ። ከረጢቱን ጭኔ ላይ አስሬ፣ ሚስቴ ጋሪ ወንበሬን እየገፋች፣ ቆቦ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ሄድኩ። እዚያ እኛ ሽማግሌዎች የተጣላ እናስታርቃለን። እያንዳንዳችን የየራሳችን መቀመጫ ድንጋይ አለን፤ የእኔ ከአባቴ የወረስኳት ናት።

ያን ቀን ከረጢቱ አፈሰሰ። ማሳው ከማሳዬ የሚዋሰን ጎረቤቴ አፍንጫውን በጋቢው ሸፈነና፣

«አያ፣ ማስታረቁን እንኳ ለደረቅ ሰው ተውልን» አለኝ።

ሰው ሳቀ። በሌላ ሰው ላይ ቢሆን እኔም ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። በሳምንቱ ጎረቤቴን ድንጋዬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የንስሐ አባቴ «ይቅር በል» አሉኝ። እሺ አባቴ፣ ግን መጀመሪያ ልበቀል።

ደሴ ለክትትል ስሄድ አንዲት ነርስ ሌላ ዓይነት ቱቦ አሳየችኝ። እሽጉ ውስጥ ትንሽ የውሃ ከረጢት አለችው፤ ስትጫናት ትፈነዳና ቱቦው እንደ ተልባ ይሙለጨለጫል። በሽንት መውጫህ ታስገባዋለህ፣ ፊኛህ ይራገፋል፣ አውጥተህ ትጥለዋለህ። በየአራት ሰዓቱ ገደማ።

«አባባ፣ አጥበው ደግመው እንዳይጠቀሙበት!»

«ልጄ፣ ጋቢዬን እንኳ የማጥበው በግድ ነው» አልኳት።

እጄን በሳሙና አስታጥባ ፊት ለፊቷ አስለመደችኝ። የመጀመሪያው ቱቦ ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። እንደ ባለቤቱ ነው መቼም። እሱን ጥላ ሌላ ሰጠችኝ።

ከዚያ በኋላ ደረቅ ሆንኩ። ግን ለማንም አልተነፈስኩም። በዚህ መሐል የጎረቤቴ ሚስት ለሚስቴ አወራቻት፤ ሰውየውን ሽንት ቶሎ ቶሎ ይይዘዋል አሉ። ነገር በተጀመረ ቁጥር «እናሳጥረው» የሚለው ለካ ለዚህ ኖሯል! እኛ ዘንድ ደግሞ ምርቃት ሳይደረስ የተነሣ ሽማግሌ ድንጋዩን ያጣል።

ሁለት ገበሬዎች በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልተው የመጡ ዕለት፣ ቤቴ ተራግፌ፣ ንጹሕ ሱሪዬን ለብሼ ዋርካው ሥር ደረስኩ። ቃል ጠየቅኩ፤ ተፈቀደልኝ።

«ነገሩን ከምንጩ እንጀምረው» አልኩ። «ውሃው ከተራራው ሲነሣ መጀመሪያ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከዚያ ሽርርር...»

ጎረቤቴ እግሩን አነባበረ።

«አያ፣ አሳጥረው እንጂ!»

«ምን ያስቸኩልሃል ወንድሜ? የሰው እህል እየደረቀ ነገር ይቆረጣል እንዴ?»

የአያቶቻችንን ቦዮች አንድ በአንድ አፈሰስኳቸው። ገበሬዎቹንም አቤቱታችሁን እንደገና ንገሩን አልኳቸው። የጎረቤቴ ግንባር በላብ ራሰ። እኔ ክረምቱን ጀመርኩ፤ ጎርፉ እንዴት ግድቡን ገፍቶ፣ ገፍቶ...

ብድግ አለ። ጋቢውን በሁለት እጁ ሰብስቦ ከዋርካው ጀርባ ወዳለው ቁልቋል ሮጠ። ሽማግሌዎቹ ለወጉ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። እኔ ግን እንደ ጅል ሳቅኩ።

የውሃው ተራ ተበየነ፣ ተመረቀ። ከሁላችንም የሚበልጡት ሽማግሌ በከዘራቸው ድንጋዬን አሳዩኝ። ከጋሪዬ ወርጄ መቀመጥ ስለማልችል ባርኔጣዬን አስቀመጥኩባት።

ጎረቤቴ ተመልሶ ቆመ።

«አንተ መቀመጥ እንኳ አትችል! ምን ያደርግልሃል?»

«ባርኔጣዬ ይችላል» አልኩት። «ደረቅ ነው።»

ከዚህ በላይ ልፎክርበት አምሮኝ ነበር። ግን ሰዓቴን ሳይ ከተራገፍኩ አራት ሰዓት ሊሞላኝ ነው። «ግፊው» አልኳት ሚስቴን በሹክሹክታ፣ «ቶሎ ግፊው!»