ሽማግሌ የለጠፈውን ገጽ ስከፍት

ቁጡ ነኝ፤ ወልቂጤ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ያን ሰሞን ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፤ በየስብሰባው «የተደበቀ ታሪክ ይውጣ» ሲባል እየሰማሁ ልቤ አብጧል። የሰፈራችን እድር ታሪኩን በትንሽ ጥራዝ ሊያሳትም ሲነሳ «መምህሩ ይጻፈው» ተባለና የቃለ ጉባኤ መዛግብቱ በቆርቆሮ ሳጥን ተጭነው ቤቴ መጡ። ግማሹን አይጥ ጨርሶታል። የቀረውን እያራገፍኩ፣ ፀሐይ ላይ እያሰጣሁ፣ በእጄ ስገለብጥ ከረምኩ።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ከተጻፈው መዝገብ ሁለት ገጾች ተጣብቀዋል። እርጥበት ነው ብዬ ነበር፤ በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ግን የቡላ ሙጫ ሆኖ አገኘሁት። በእድራችን ከመዝገብ ላይ ወረቀት መቅደድ ነውር ነው፤ መነበብ የሌለበት ነገር ይለጠፋል እንጂ አይቀደድም። ሊቀመንበሩን ብጠይቃቸው «ተወው፣ ልጄ። ሽማግሌ ምሎበታል» አሉኝ።

«ታሪክ ይለጠፋል እንዴ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ማንበብ የማይችሉ ሰው ስለነበሩ ንቄያቸው ነው፤ ምን ይደበቃል? ቤቴ ገብቼ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት አላቀቅሁት።

ሁለት ጎረቤታሞች በእንሰት ማሳ ወሰን ተጣልተው አንደኛው የሌላውን አንገት በገጀራ ብሎታል። «ሟች መጥረቢያ ይዞ ስለተነሳበት» ይላል መዝገቡ። ሽማግሌዎች ደሙን አድርቀው፣ ነገሩን ዳግም ላያነሱ ሁሉንም አስምለዋል። ሟች ለተወው ሕፃን ልጅ «አባትህ ከዛፍ ወድቆ ሞተ» ሊባል፣ ገዳዩም ልጁን እንደ አባት ሊያሳድግ ተስማምተዋል።

ስም ካላነሳሁ ማን ያውቃል ብዬ ታሪኩን ከነዛፉ አተምኩት። ወይ የኔ ነገር! በዚያ ሰፈር አባቱ ከዛፍ ወደቀ የተባለ ስንት ሰው አለና ነው?

ጥራዙ በእድሩ ድንኳን ሲታደል አንድ ጎረምሳ ብየዳ ሠራተኛ ቆሞ አነበበ። ከጎኑ ያሳደጉት አዛውንት ተቀምጠዋል፤ ሁልጊዜ ጁምዓ አብረው ነው የሚሄዱት።

«አባባ» አላቸው፣ «አባቴ የወደቀው ከየትኛው ዛፍ ነው?»

አዛውንቱ ጥራዙን ከእጁ ሊወስዱ እጃቸውን ዘረጉ። ባይዘረጉ ምናለ! ጎረምሳው የድንኳኑን ብረት ነቅሎ ፊታቸውን መታቸው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ልይዘው ብዘል በክርኑ ሁለት ጥርሴን አረገፈው፤ እሳቸውን ደግሞ ከወደቁበት ደገማቸው፣ ሠለሳቸው። ሦስት ወንዶች ልጆቻቸው ጩቤ መዝዘው ሲመጡ ሴቶቹ ነጠላቸውን እግራቸው ሥር ጥለው «በእናታችሁ!» እያሉ መሬት ላይ ተደፉ። አንዱ ዘሎ አልፎ የጎረምሳውን ትከሻ እስከ ደረቱ ቀደደው። ፖሊስ ደሙ እየወረደ ይዞት ሄደ።

ሽማግሌዎች ልጆቹን አባታቸው እስኪለይላቸው ድረስ እንዳይነኩት አስማሏቸው። ከሞቱ ግን ምን እንደሚሆን ማንም አልተናገረም። ሁሉም ያውቀዋል። እኔም በላብ ተጠምቄ ደረቴን እየመታሁ «ያ አላህ፣ ያ ጌታዬ» እል ነበር፤ ክርስቲያን ሆኜ ሁለቱንም ጠራሁ።

በአራተኛው ቀን አዛውንቱ አታት ሆስፒታል አስጠሩኝ። አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ በሕይወት ይተርፋሉ ተብሏል። እፎይ ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል እጄን ያዙኝ።

«መዝገቡ ውሸት ነው» አሉኝ። «መጥረቢያ አልያዘም። ጎንበስ ብሎ ሲቆፍር ከኋላው ነው የመታሁት። ሽማግሌ ፊት ዋሽቼ ማልኩ። ወላሂ እውነቴን ነው። ልጁ አባቱ በደለኛ እንዳልነበረ ይወቅ። ጻፈው፣ መምህር።»

ከበሩ ውጭ የልጆቻቸው ድምፅ ይሰማል። ብጽፈው ጎረምሳው ከእስር በወጣ ቀን የጀመረውን ይጨርሳል፤ እነዚህም እሱን ይጨርሱታል። ስለ እውነት ስደነፋ የከረምኩት ሰውዬ ወደ በሩ ዞሬ አየሁና ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«እስክሪብቶ አልያዝኩም፣ አባባ» አልኳቸው።

በቀረችው ዓይናቸው የሸሚዜን ኪስ አዩ። ከዚያ እጄን ለቀው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።