ቦታዋን ለእናቴ የለቀቀችው በርበሬ ሻጭ

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ሞባይል ገና ፍኖተ ሰላም አልገባም። ያቺ ቅዳሜ ትዝ ባለችኝ ቁጥር አንዲት ሴት ከልቤ አመሰግናለሁ።

እናቴ መርሳት ጀምራ ስለነበር እኔ ወደማስተምርበት ወደ ፍኖተ ሰላም አምጥቻት ነበር። የዚያን ዕለት ልብስ አጥቤ ስመለስ ቤት የለችም። ቤተ ክርስቲያን፣ ጎረቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ያልረገጥኩት የለም። በመጨረሻ መናኸሪያ ስደርስ አንዱ ረዳት፣ «እማማ የቡሬ መኪና ተሳፍረው ሄደዋል እኮ» አለኝ። በሚቀጥለው መኪና ተከተልኳት። ክረምት ነው፤ ከቡሬ ወደ ትውልድ መንደራችን ሲኬድ ደግሞ ወንዝ አለ።

ወንዙ ዳር ስደርስ ሰው እየተያያዘ ይሻገራል። አሮጊት ያየ ብዬ ብጠይቅ ያየ የለም። እያለቀስኩ ተሻግሬ እናቴ ዕድሜዋን በርበሬ ወደሸጠችበት ገበያ ሮጥኩ።

የመንደራችን የገበያ አዳራሽ ግድግዳ የለውም። ከፍ ባለ የድንጋይ መደብ ላይ የጽድ ምሰሶዎች ቆመው ቆርቆሮውን ተሸክመዋል። የበርበሬ ብናኝ ሰው እንዳይፈጅ ተብሎ የጣሪያው አናት ክፍት ሆኖ ነው የተሠራው፤ ያም ሆኖ ያስነጥሳል። አያቶቻችን በንጉሡ ጊዜ ሲሠሩት እያንዳንዱ ጎጥ አንድ ምሰሶ ከጫካ በጫንቃው አመጣ። ከምሰሶው ሥር የሚሸጡትም የዚያው ጎጥ ሴቶች ናቸው፤ ቦታው ከእናት ለልጅ ይተላለፋል። እኔ አስተማሪ ሆኜ ስቀር የእናቴ ቦታ ለማላውቃት ሴት ደረሰ።

በርበሬ ተራ ስደርስ እናቴ ምሰሶዋ ሥር ተቀምጣ ትሸጣለች። ባለቦታዋ ከመደቡ ወርዳ፣ ጆንያ ደርባ ዝናብ ላይ ቆማ ገዢ ትጠራላታለች።

«ተነሽ፣ ቦታዬ ነው አሉኝ፤ ተነሳሁላቸው» አለችኝ። «ምሰሶው እኮ ከኔ ይልቅ እሳቸውን ያውቃል። ወንዙንም ገበያተኛ ነው ያሻገራቸው።»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። «ነይ እታለም፣ ቅመሽው» አለች። አላወቀችኝም።

ሴትዮዋ በዓይኗ ግዢ አለችኝ። ተንበርክኬ ነጠላዬን ዘረጋሁ። እናቴ ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ አንድ እፍኝ ጨመረችበት።

«ይቺን ደግሞ ለእናትሽ» አለችኝ።

እናቴ ካረፈች ቆየች። ያን ቀን ስላላወቀችኝ ማዘኔም ቀርቷል። ያቺ ሴት ግን አልነሳም ብላ ብትጣላት ኖሮ እናቴ በዚያ ዝናብ ወዴት ትሄድ ነበር እያልኩ ዛሬም አስባለሁ። ዕድሜ ይስጣት። በርበሬ የምገዛው ከሷ ነው፤ ዋጋ ተከራክሬያትም አላውቅም።