መርሃዊና ነጩ ዱቄት

መርሃዊ ቅናቱን ይደብቃል፤ ግን አይችልበትም። ቦሌ ሚካኤል፣ በእትዬ ሃረገወይን ወርክሾፕ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የፋይበርግላስ የውሃ ታንከር ክዳን ሲሠራ ኖሯል። ፋይበሩን የሚያጣብቀውን ሙጫ፣ ሬዚኑን፣ በጣቱ ነክቶ መድረስ አለመድረሱን ያውቃል። ሚዛን አይወድም። «እጄ ሚዛኔ ነው» ይላል፤ ሰውም ያምነው ነበር።

ዊንታ እስክትመለስ ድረስ ነው ታዲያ። ሥራውን ያስተማራት ራሱ መርሃዊ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ማስተርሷን ስትጨርስ ግን አንድ ጣሳ ነጭ ዱቄት ይዛ መጣች። ሴራሚክ ነው፤ ከመላሙ የተነሣ ቅንጣቱ ለዓይን አይታይም። ሬዚን ውስጥ ሲገባ ክዳኑን ያጠነክረዋል አለች። ከዚያ ወዲህ እትዬ ሃረገወይን «ዊንታ ምን ትላለች?» ሳይሉ ሥራ አያስጀምሩም። ይቺ ጥያቄ መርሃዊን አንጀቱን ታሳርረዋለች። ያ ጥያቄ የሚጠየቀው እሱ ነበራ!

ለሚ ኩራ ለሚሠሩት አዳዲስ ሕንፃዎች የማንኛቸው ክዳን እንደሚሄድ በፈተና ይለይ ተባለ። ያሸነፈው ዋና ባለሙያ ይሆናል።

መርሃዊ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሲያሾፍበት የከረመውን ዱቄት፣ ዊንታ ለምሳ ስትወጣ ጠብቆ ከጣሳዋ ዘገነ። እሷ ቆንጠር አድርጋ መዝና በማሽን ሁለት ሰዓት ስታማስል አይቷታል፤ ልታይ ልታይ ማለቷ ነው ብሎ ንቆታል። ጥቂቱ ካጠነከረ ብዙው ድንጋይ ያደርገዋል ብሎ ሁለት እፍኝ ጨመረና በእንጨት አማሰለው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱም ክዳኖች ብሎኬት ላይ ተጋደሙ፤ የአሸዋ ከረጢት ይጫንባቸው ጀመር። የዊንታ ጎበጥ አለና ቻለ። የመርሃዊ በአራተኛው ከረጢት ቋ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ያለ ምንም ዱቄት ሲሠራው እኮ ስድስት ይችል ነበር። ስብራቱ ላይ በደንብ ያልተቀላቀለ ዱቄት ጓል ጓል ሆኖ ይታያል።

ዊንታ ጎንበስ ብላ ጓሉን አየችው።

«እትዬ፣ ትናንት ብርድ ነበር» አለች ቀና ብላ። «በደንብ ሳይደርቅ ነው የፈተንነው። ጋሼ መርሃዊ ሰኞ ይድገመው።»

እትዬ ሃረገወይን ወደ ቢሯቸው ሲገቡ፣ ዊንታ ትንሿን ሚዛኗን አምጥታ መርሃዊ ፊት አስቀመጠችለት።

«ዱቄቱ ከመቶ ሁለት ብቻ ነው ጋሼ» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሲበዛ ይጓጉልና ክዳኑን ይሰብረዋል።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። እስከዛሬ በእውቀቷ ሲቀናባት ከረመ፤ አሁን ደግሞ በልቧም ቀናባት።