ዘጠና ሴንቲሜትር

አልወዳትም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ክፍል፣ በአንድ የፎርማሊን ሽታ ውስጥ አብረን ስንሠራ አንድ ቀን እንኳ «እንደምን አደርክ» ብላኝ አታውቅም። «ኮምጣጤ» የሚለውን ስም ያወጣሁላትም እኔ ነኝ። ሰምታለች፤ ደንታም አልሰጣት።

ሥራችን ቱና የሚባለው ትልቅ ዓሣ በስንት ሴንቲሜትርና በስንት ዓመቱ ለመውለድ እንደሚደርስ ማወቅ ነው። ሴቷን እንለካለን፤ ሆዷን ከፍተን የእንቁላል ከረጢቷን እናያለን፤ የጆሮ አጥንቷን አውጥተን፣ በስሱ ቆርጠን፣ ዕድሜዋን የሚናገረውን ቀለበት እንቆጥራለን። ከሴቶቹ ግማሾቹ ደርሰው የሚገኙበት ርዝመት ሕግ ይሆናል፤ ከዚያ በታች ማጥመድ ክልክል ነው። ዘጠና ሴንቲሜትር፣ ሦስት ዓመት ብላ ያወጣችው ኮምጣጤ ናት። ወረቀቱን በመስታወት አሠርታ ከወንበሯ በላይ ሰቅላዋለች። ከሥሩ የሷ ፊርማ አለ፤ የኔም አለ።

ዓሣውን የሚሰጣት የአጥማጅ ጀልባ ካፒቴን የሆነው ታላቅ ወንድሟ ነበር። ዘንድሮ ከእናታቸው በወረሱት ቤት የተነሳ ተጣሉ። የሷ ነገር መቼም! «ከእንግዲህ የኔን ዓሣ አትነኪም» አላት። ባልዲዋን አንጠልጥላ የሌሎችን ጀልባ ደጅ ትጠና ጀመር። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳቀረቀረች ቀረች። ጠጋ ብዬ አየሁ። ዓሣዋ መቶ ሦስት ሴንቲሜትር፣ አራት ቀለበት፤ ከረጢቷ ግን እንደ ክር የቀጠነ፣ ወልዳ የማታውቅ። ቀጣይዋም እንዲሁ።

«ጋሼ የሚያጠምደው የት ነው?» አለችኝ፤ ወንድሟን ማለቷ ነው።

«መውለጃው ቦታ ነዋ።»

«እዚያ የሚሄዱትስ የትኞቹ ናቸው?»

የደረሱት ብቻ ናቸው። ያልደረሱት እኩዮቻቸው ሌላ ባሕር ላይ ቀርተዋል። የሐኪም ቤት ማዋለጃ ክፍል ገብቶ «በዚህ ዕድሜ ያለች ሁሉ ትወልዳለች» እንደሚል ሰው ሆነን ነበር። ሳይወልዱ ያስፈጀናቸውን አምላክ ይቁጠራቸው።

«ዝም በዪ፤ ማን ያውቃል?» አልኳት።

«አንተ ድሮም ለዝምታ የተፈጠርክ ነህ» አለችና ስህተቱን ለሕግ አውጪዎቹ የሚያስታውቅ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች። ከየባሕሩ የመጡትን ዓሦች ለክታ ያወጣችው አዲሱ ልክ መቶ አሥር ሴንቲሜትር፣ አምስት ዓመት ሆነ።

ወንድሟ በሩን በርግዶ ገባ። «ጀልባዬን ልታስቆሚ ነው? ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማሽም?»

«ዘንዶው እኔ ነኝ፣ ጋሼ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ግድግዳውን አየ፤ ቀጥሎ እኔን። «ይኼስ? አልፈረመም?»

«እሱ ቀለበት ነው የቆጠረው። ልኩን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እሱን ተወው።»

እኔ ከጠረጴዛዬ ቀና አላልኩም።

አዲሱ ሕግ በጸና በመጀመሪያው ቀን ወደቡ ላይ መለኪያዋን ዘርግታ ወንድሟን ጠበቀችው። ያን ቀን ከመውለጃው ቦታ ውጭ አጥምዶ ነበር፤ መጀመሪያ የወረደችው ዓሣ መቶ አራት ሆነች።

«አልደረሰችም» አለችው።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደርሳለች ስትዪ የኖርሽው አንቺ!»

«አዎ።» የዓሣዋን ሆድ ቀደደችና ክሩን አሳየችው። ሊያይላት አልፈለገም።

«እህት የለኝም» አለና ጥሏት ሄደ። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ሌላ ዘመድ የላትም።

ወደ ክፍላችን ተመልሳ ወረቀቱን ከግድግዳው አወረደች። ደብዳቤዋን በኋላ አነበብኩት። ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ፤ ጥፋቱን ሁሉ ለብቻዋ ተሸክማለች፣ ስሜ የለም። ለዚህ ይቅር አልላትም።