በሎሚው ግንድ ላይ ግራሶ

አባቴ በመጨረሻው ዓመቱ ሥራው ጉንዳን ማየት ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ጠዋት ጠዋት ክንዱን ይዤ አወጣውና ሲቀላ ሰፈር ካለው ግቢያችን ሎሚ ሥር፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ። ዕድሜውን በሙሉ ሒሳብ ያስተማረ ሰው ዝም ብሎ ማየት አይሆንለትም፤ ይቆጥራል።

እኔ ያኔ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነበር። ሥራ የሌለው ምሩቅ ለሁሉም ነገር መልስ አለው።

«ነይ እስቲ፣ ይቺን ቁጠሪያት» አለኝ አንድ ቀን።

ግንዱ ላይ ከሚተራመሱት መካከል አንዷን ቀጭን ጥቁር ነገር በጣቱ አሳየኝ። ጉንዳን ናት አልኩት።

«እግሯን ነው ያልኩሽ።»

ስቆጥር ስምንት ሆነ። ሸረሪት ናት። የፊት ሁለት እግሮቿን አንስታ ልክ እንደ ጉንዳን አንቴና ታወዛውዛቸዋለች። እኔም ማስረዳት ጀመርኩ፦ ጉንዳን ይናከሳል፣ ይኮመጥጣል፣ ወፍም ተርብም ብዙ አይደፍሩትም። ጉንዳን የምትመስል ሸረሪት ተርፋ ትወልዳለች፤ የማትመስለው ትበላለች። ይህ ለስንት ሺህ ትውልድ ሲደጋገም ልጆቿ ጉንዳን መስለው ቁጭ።

አባቴ በአንድ በኩል ብቻ በሚታዘዘው አፉ ሳቀ። «እኔስ ከጎጃም ስመጣ? ሁለት እግሬን አንስቼ አይደል እዚህ የኖርኩት» አለ።

ውሸቱን ነው፤ እሱ ከእንጀራ ይልቅ በሽፈራው ቅጠል የሚሠራውን የዚህን አገር ምግብ፣ ኩርኩፋን የሚመርጥ ሰው ነው። ጎረቤታችን፣ የዶርዜዋ ሴትዮ፣ «መምህር የኛ ሰው ነው» እያለች ነበር የምታመጣለት። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሸረሪቷን «የአገሬ ልጅ» ይላት ጀመር።

ጉንዳኖቹም የሚመላለሱት በከንቱ አልነበረም። በለጋ ቅጠሎች ሥር ክሽክሽ የሚባሉ ለስላሳ ትንንሽ ነፍሳት የሎሚውን ጭማቂ ይመጥጣሉ። ጉንዳኑ በአንቴናው መታ መታ ሲያደርጋቸው ጣፋጭ ጠብታ ይሰጡታል። እሱም በምላሹ ክሽክሽ በል የሆነችውን ባለ ነጥብ ጥንዚዛ ያባርርላቸዋል። አባቴ ይህን ባስረዳሁት ማግስት «ዛሬ ሦስት ጥንዚዛ አባረሩ» ብሎ ነገረኝ።

የሚጎዳው ሎሚው ነበር። ቅጠሉ ተጨማደደ፣ የሚያጣብቅ ሆነ፣ ጥቀርሻ የመሰለ ነገር ለበሰ። የዕፅዋት ሳይንስ ምሩቅ ቤት እንዲህ ያለ ሎሚ በመኖሩ አፈርኩ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብዬ ከግንዱ ጀመርኩ። ከባጃጅ ጋራዡ ግራሶ የሚሉትን ወፍራም የማሽን ቅባት ለምኜ አመጣሁ፤ ግንዱን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ዙሪያውን ለቀለቅኩት። ጉንዳን እንዳይሻገርባቸው አጥር የነኩትንም ቅርንጫፎች ቆረጥኩ። አባቴ ከወንበሩ ሆኖ ሁሉንም ሲያይ ቆየና «ጎበዝ» ብቻ አለኝ።

የተማርኩት ሁሉ እውነት ሆነ። ጉንዳኖቹ መውጣት አቃታቸው፣ ጥንዚዛዎቹ መጡ፣ ክሽክሹ አለቀ። ሎሚው አዲስ ቅጠል አወጣ። የአገሩ ልጅም አልታየችም።

አባቴ ግን በየጠዋቱ እዚያው ቦታ ይቀመጣል።

«አልመጡም?» ይለኛል።

«አይመጡም አባዬ፣ አታስብ» እለዋለሁ በኩራት። ለሎሚው የሚጨነቅ መስሎኝ ነበር። ባዶውን ግንድ እያየ ረፋዱን ይውላል። ሁለት ሳምንት ያህል እንደዚህ ጠየቀኝ። ከዚያ አንድ ጠዋት ክንዱን ልይዝ ስል «ዛሬ ውስጥ ልሁን» አለ፤ በማግስቱም እንዲሁ። ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

አባቴ ክረምት ላይ ሞተ። የዚያን ዓመት ሎሚው ከመጠን በላይ አፈራና ጎረቤታችን ለለቅሶ ለመጡት ሰዎች በጆግ በጆግ ጨመቀችው። ሰው ሁሉ ሎሚውን አደነቀ። እኔ አንድም ብርጭቆ አልጠጣሁም።

ከአርባው በኋላ ፕላስቲኩን ቀድጄ ከሥሩ ሾልኮ የገባውን ግራሶ በቢላና በነጭ ጋዝ ፋቅሁት። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል፤ ቅባቱ ልጣጩ ውስጥ ገብቶ ለረጅም ጊዜ አንድም ጉንዳን ዝር አላለም።

አሁን ላንቴ በሚባል የገጠር ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ነው የምሠራው። ገበሬዎቹን ግንድ ላይ ግራሶ እንዴት እንደሚቀባ አስተምራለሁ። ትክክል ነው፣ ይሠራል። የራሴን ሎሚ ግን አልነካውም። ጎረቤታችን «አንቺ ባለሙያዋ፣ ሎሚሽ እኮ ሊደርቅ ነው» ትለኛለች፤ እኔም «ተዪው እማማ» እላለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ጉንዳኖቹ ተመለሱ። ሥራ ከመሄዴ በፊት ወንበሩን ግንዱ ሥር አቀርብና «መጡ አባዬ» እላለሁ። ናፍቆቱ ሲብስብኝ እግር እቆጥራለሁ። ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት። ስምንት እግር ያላት እስካሁን አልመጣችም።