በቀን የተቀረቀረ በር

ልጄ በባቡር ከጅቡቲ መጣ የተባለ የበር ቁልፍ ገዝቶ፣ አናጢው ሳንቃውን ሲበሳ ዋለ፤ የብረቱና የዘይቱ ሽታ ቤቱን ሞልቶት እኔም እንደ ልማዴ ከጓዳ ደጅ፣ ከደጅ ጓዳ ስል፣ እንግሊዝኛ የሚማረው የልጅ ልጄ «እማማ፣ ይኼ እኮ ሎክ ነው የሚባለው» ብሎ ሊያስተምረኝ ቃጣው። «ቦልቱስ የታለ?» አልኩት። አናጢው መዶሻውን አንሥቶ ቀረ፤ ልጁም አፉን ከፈተ። ምን ያስደንቃቸዋል! እኔ እነዚያን ቃላት ያወቅሁት ገና አዲስ አበባ የሚባል ከተማ ሳይቆረቆር፣ አንኮበር ላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ በነበረው የአባቴ ቤት ነው። ምራቴ «ኧረ እማማ፣ እስቲ አንድ ቦታ ይረፉ» ትለኛለች። ማረፍማ ብችል ማን ይጠላል! በር ሲዘጋ ከሰማሁ እግሬ አይረጋልኝም፤ ይኸው አርባ ዓመት አልፎታል።

አባቴ ወልዴ የአንድ ፈረንጅ ነጋዴ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነበር። ፈረንጁ ከባሕር ጠረፍ በግመል እስከ ቆላው፣ ከቆላው በበቅሎ እስከ እኛ የሚያስመጣውን ሣጥን ሁሉ እዚያ ያኖራል፤ አማርኛው ግን ከ«ና» እና ከ«ሂድ» አያልፍም። አስተርጓሚው ታሞ ወደ አገሩ ሲመለስ አባቴ ያችን ቦታ ተመኛት፤ ተመኝቶም አልቀረ፣ ሌት ተቀን የእንግሊዝኛ ቃል ይለቅም ጀመር። ውሃውንም፣ እሳቱንም፣ በቅሎውንም ቻለው። ያሳበደው መዝጋት ነው፤ ለእሱ ብቻ ስንት ዓይነት ቃል አላቸው። አንድ ቀን ፈረንጁ የሣጥኑን ክዳን መለስ አድርገው ቢለው፣ የኔ አባት በሰባት ምስማር ጠርቅሞት ቁጭ አለ፤ ለካ የሰውየው መነጽር ውስጡ ነበር። ፈረንጁ ቀኑን ሙሉ በር እየሳተ ግድግዳ ሲገፋ ውሎ፣ አገሩ ሁሉ «ዛሬስ ጠጥቷል» አለ። ማታ ላይ ተቆጥቶ፣ እስከ ቅዳሜ እነዚህን ቃላት ለይተህ ካላወቅህ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ አለው።

ታዲያ አባቴ ምን ያድርግ፣ ማስተማሪያው የቤታችን በር ሆነ፤ ተማሪዋም አስተማሪዋም እኔ። ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። እሱ መሃል ቤት ቆሞ ቃሉን ይጮኻል፣ እኔ በሩን እንደ ቃሉ አደርጋለሁ። ክሎዝ ሲል ቀስ አድርጌ ገጠም፤ ሸት ሲል ጥርቅም፤ ቦልት ሲል ያንን ከባድ የወይራ መቀርቀሪያ በሁለት እጄ አንሥቼ ወርወር፤ ሎክ ሲል ቁልፍ ስለሌለን በጣቴ አየሩን ጠምዘዝ። በኃይል ደርግሞ መዝጋት ደግሞ ስላም ይባላል ቢለን፣ ጥግ ይዛ ጥጥ የምትፈትለው እናቴ «እንዲህ ያለውስ ሰላም በጠላቴም ቤት አይግባ» አለች። እኔ የምወደው ቦልትን ነበር። መቀርቀሪያው ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ ግው ሲል ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ቃላቱን ሁሉ ዘልሎ እሱን ብቻ እንዲልልኝ እለምነው ነበር።

እናቴ አስካለ የሰፈሩ አዋላጅ ናት። ከእኛ ቁልቁል ትንሽ ወረድ ብሎ እትዬ ድንቅነሽ የምትባል፣ ባሏ ኃይሌ ሸማ የሚሠራ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጅ የለመነች ሴት ነበረች። ያልተሳለችበት ታቦት፣ ያልተጠመቀችበት ጠበል የለም። በዘጠነኛው ዓመት ማርያም ሰምታት ሆዷ ገፋ፤ ያን ሆድ ሰፈሩ ሁሉ የራሱ ያህል ይጠብቀው ነበር። ድንቅነሽ እኔን «አዝለሽ የምታሳድጊው አንቺ ነሽ» ብላኝ ስለነበር ድመታችንን አዝዬ ስለማመድ ተቧጭሬያለሁ። እናቴም ድንቅነሽን «ምጡ ሲጀምርሽ ቀን ይሁን ሌሊት ላኪብኝ፣ ጭንቅላቱ እስኪታይ እንዳትጠብቂ፣ የመጀመሪያ ልጅ በዚህ ዕድሜ ተንኮለኛ ነው» ብላ ደጋግማ አስጠንቅቃታለች።

በዚያ ሰሞን ፈንጣጣ ከቆላ ወጥቷል ይባል ነበር። በእኛ አገር ደግሞ ሰው ያለበት ቤት በር በቀን አይቀረቀርም፤ ነውር ነው፣ እንግዳ መጥላት ነው። በቀን የተቀረቀረ በር ካዩ ፈንጣጣ ገብቷል ማለት ነውና ሰው አይጠራም፣ አያንኳኳም፤ ከአጥሩ ይመለሳል። ይህን አባቴ ያውቃል፣ እናቴም ታውቃለች፤ ግን ማን ልብ አለው!

ዓርብ ረፋድ ላይ ነው። ቅዳሜ ነገ ነውና አባቴ እንደ እብድ ሆኗል። ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ አጥሩ ድረስ መጥቷል። እናቴ «በቃ በሩን ክፈቱልኝ፣ ክሬ አልታይ አለኝ» ስትል አባቴም ላቡን ጠርጎ ሊያቆም ነበር፤ እኔ ነኝ እግሩ ላይ ተጠምጥሜ «አባባ፣ ቦልትን ብቻ፣ አንዴ ብቻ» ያልኩት። እሱ ደግሞ ለእኔ እምቢ ማለት አይችልም። መቀርቀሪያውን ወረወርኩ፤ አንዴ ያልነውም አሥሬ ሆነ። እኔ እየሳቅሁ እሱ «ቦልት! ሸት! ሎክ!» እያለ እንደ ፈረንጁ ጉሮሮውን ሰንጥቆ ይጮኻል።

ሲሰለቸን ከፈትን። ጎረቤታችን እማሆይ ከአጥሩ ማዶ፣ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። «ስንተኛ ቀኑ ነው?» አሉ።

«የምኑ?» አለ አባቴ።

«የሕመምህ ነዋ! ሲያቃዥህ እስከ እኔ ቤት ይሰማል።» አባቴ ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እማሆይ ግን አልሳቁም። «ወይ ጉድ! ደህና ናችሁ እንዴ? ኃይሌ እኮ ሚስቴን ምጥ ያዛት ብሎ አስካለን ሊጠራ መጥቶ፣ በሩ ተቀርቅሮ አንተም ስትቀባዥር ሰምቶ፣ ፈንጣጣ ይዤባት አልገባም ብሎ ሌላ አዋላጅ ፍለጋ እስከ ቆላ፣ እስከ አሊዩ አምባ ወረደ!»

እናቴ እንዝርቱን የት እንደጣለችው አላውቅም። ነጠላ ሳትደርብ፣ ጫማ የለ ምን የለ፣ ቁልቁለቱን ስትወርድ ጉሙ ዋጣት። እኔም ተከተልኳት፤ ከደጃፉ ግን አላሳለፈችኝም። ከውስጥ ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ ሰማሁ፤ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ እሱም ቀረ። እልልታ ስጠብቅ እልልታ የለም። ወንድ ነበር፤ አንዲት ጊዜ እንኳ አላለቀሰም። እናቴ «ጥቂት ቀደም ብዬ ብደርስ ኖሮ አዙሬ አወጣው ነበር» ብላ ለአባቴ ስትነግረው ሰምቻለሁ። ክርስትና ያልተነሣ ነውና ቤተ ክርስቲያን አልወሰዱትም፤ ኃይሌ አሊዩ አምባ ደርሶ ሲመለስ ከጓሮ አጥሩ ሥር ተቀብሮ አገኘው።

እስከ ዛሬ ያላሳረፈኝ ግን ሌላ ነው። ኃይሌ ቁልቁል ሲያልፍ ነግሯት ኖሮ፣ እናቴ ስትገባ ድንቅነሽ በዚያ ሁሉ ጣር መሃል ዓይኗን ገልጣ «እታለም፣ ጋሼ ወልዴን ጥለሽው መጣሽ? እንዴት ሆነልሽ?» አለቻት። እናቴ ምን ትበል? ባሌ ከልጄ ጋር በበር ሲጫወት ነበር ትበል? «ተሽሎታል» አለች። እማሆይም የነገሩን ክፋት አይተው አፋቸውን ያዙ፤ ቃሉ እዚያው ቤት ውስጥ እውነት ሆኖ ቀረ። አባቴ ቅዳሜ ፈረንጁ ዘንድ አልሄደም። ቦታውን ሌላ ሰው ወሰደው፤ ከዚያ ወዲያ በቤታችን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አልተሰማም።

ለድንቅነሽ አምላክ ሌላ ልጅ አልሰጣትም። እኔን ስታይ «ልጄ» ትለኛለች፤ አባቴን መንገድ ላይ ባገኘችው ቁጥር ጉንጩን እያየች «ጠባሳ እንኳ ሳይተውብህ! አምላኬ ለእኔ ባያዝን ለዚህች ልጅ አዘነላት» ብላ ታመሰግናለች። እሱ መሬት መሬት ያያል። ስንት ጊዜ ልነግራት ወጥቼ ከአጥራቸው ተመለስኩ። ነገ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ነገ ሲሆን ከጓዳ ደጅ፣ ከደጅ ጓዳ እላለሁ።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ ክፉ ቀን መጣ፤ ከብቱ አለቀ፣ ጎተራው ባዶ ሆነ፣ ኃይሌም ሞተ። አንድ ጠዋት እትዬ ድንቅነሽ ጠርታኝ ከቀሚሷ ጫፍ የተቋጠረ እፍኝ ገብስ ፈታች። እጇ እንጨት ሆኗል። «ለአባትሽ አፍልተሽ ስጪው፤ እሱ ያን ጊዜ ታሞ ደሙ ያለቀ ሰው ነው፣ እንደ እኛ ረኃብ አይችልም» አለችኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ መናገርም ነበረብኝ። ራበኝና ተቀበልኳት። አፍልተን ሦስታችንም ጠጣነው። እሷ በዚያው ሳምንት ዐረፈች።