ጥቁር ነጠላ የለበሰው ፕሬዚዳንት

ከወሎ የወጣን ሌሊት ባለቤቴ ሻንጣችንን ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ ሸኘን። ተኩሱ እየቀረበ ስለነበር አብረን እንሂድ ብዬ ለመንኩት። ልብስ ሰፊ ነው፤ ያልተወሰደ የሰርግ ልብስ ነበረበት። "የሰው ልብስ ይዤ የት እሄዳለሁ? አስረክቤ እመጣለሁ" አለና ሳቀልኝ።

ሁለቱን ሴት ልጆቼን ይዤ ቡራዩ ገባሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በኛ ቆላ አገር በዚህ ወር ሰው ደጅ አንጥፎ ይተኛል፤ እዚህ ልጆቼ ሹራብ ለብሰው ነው የሚያድሩት። ወተቱ ግን የእዚህ ይበልጣል፣ ለምን እዋሻለሁ።

መታወቂያ ልጠይቅ ቀበሌ ሄድኩ።

"መሸኛ አምጪ" አለኝ ጸሐፊው።

"የኛ ቀበሌ በተኩሱ ተዘግቷል።"

"እንግዲያው መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌሽ አጽፈሽ አምጪ።"

አከራዬ ኦቦ ጉተማ ሰማንያ ዓመት የተጠጉ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ክፍሉን ሲያሳዩኝ ግድግዳው ላይ የሚስቅ ፈረንጅ ፎቶ ተሰቅሏል።

"ክፍሉን ውሰጂው ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። እሱ ግን ከዚያ አይወርድም።"

"ማን ነው?"

"የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበር። በጥይት ገደሉት።"

እሱ የላከው ወጣት አስተማሪ እንግሊዝኛ እንዳስተማራቸው፣ በዚያ ትምህርት እንጀራ በልተው ልጆች እንዳሳደጉ ነገሩኝ። ሲገደል ትምህርት ቤታቸው በለቅሶ ዋለ፤ የኛም ንጉሥ ቀብሩ ላይ ቆሙ። "መልአክ አልነበረም፣ ሰው አገር ጦርነት ውስጥ እጁን አስገብቷል። የኔን አስተማሪ የላከልኝ ግን እሱ ነው" አሉ። ቀጥለው፣ ምነው ባልነገሩኝ፣ ክፍት መኪና ውስጥ ሚስቱ ጎን ተቀምጦ እንደተመታ፣ እሷም ደም የነካውን ልብሷን አልቀይርም ብላ እንደዋለች ጨመሩልኝ።

ከዚያ ወዲህ ፎቶውን ማየት አቃተኝ። ምን እንደሚጠብቀው ሳያውቅ ይስቃል። የአገራችን ስልክ ከተቋረጠ ሳምንታት አልፈዋል። ያቺ ሴት በሕልሜ እየመጣች አልጋዬ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። እሷ እንኳ አጠገቡ ነበረች እላለሁ። አንድ ቀን ጠዋት አላስችል ሲለኝ ያለኝን አንድ ትርፍ ጨርቅ፣ ለእናቴ ሐዘን የለበስኩትን ጥቁር ነጠላ፣ ፎቶው ላይ ጣል አደረግኩበት። በሩን ክፍት ትቼ ልብስ ማጠብ ጀመርኩ።

ጎረቤቴ ዘነበች ወንፊት ልትዋስ ብቅ ብላ በክፍቱ በር ወደ ውስጥ አየችና ወንፊቱን ሳትወስድ ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያሉ ገቡ። እኔ ደግሞ ከኔ በፊት መርዶ የሰሙ መሰለኝ። ጮኼ ወደቅሁ። ልጆቼም እኔን አይተው ጮኹ።

ኦቦ ጉተማ ከዘራቸውን ይዘው ደረሱ። "ማን ሞቶ ነው?"

"ባሏ ነዋ! ፎቶውን ከል አልብሳው የለም እንዴ!" አለች ዘነበች።

ሽማግሌው ነጠላውን ገፈፉት።

"ውይ! ባሏ ፈረንጅ ነበር እንዴ?" አለች አንዷ።

"እሱንማ እኔ ልጅ ሳለሁ አልቅሰን ጨርሰናል!" አሉ ኦቦ ጉተማ።

ሴቶቹ እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ። ዘነበች አቅፋ አነሳችኝ፣ ይቅር በይኝ እያለች ጉልበቴን ሳመች። የኔ ልብ ግን አልተመለሰም። ሲወጡ ስልኬን አነሳሁ። የባለቤቴ አይሠራም። የአማቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጠራ።

"ተመስገን!" አሉ ገና ድምፄን ሲሰሙ። "ልጄ በደህና ገባ? ሰኞ ነው እኮ የተነሳው።"

ቅዳሜ ነበር። መንገዱ የአንድ ቀን ነው።

"እ... ገብቷል እማማ።"

"እስቲ ድምፁን አሰሚኝ።"

ልጆቼ አፌን አፌን ያዩኛል።

"ተኝቷል። መንገዱ አድክሞታል።"

"እንግዲያስ ተይው፣ እንዳትቀሰቅሺው" አሉኝ።